ማርስ ላይ ቅሬውን ማን ያቋቁማል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው 23 ዓመቱ ነው፣ ሞባይል ይጠግናል። ያለው ይኸው፦

«እትዬ፣ የሕክምና መሣሪያ ኢንጂነር እንደሆኑና ስለ ጠፈር ሕይወትም እንደሚጽፉ ሰምቼ ነው የጻፍኩልዎት። እኔ ሮኬት በተተኮሰ ቁጥር ሌሊት ተነስቼ በቀጥታ አያለሁ። የወር ዳታዬ የሚያልቀው በዚሁ ነው። እናቴ ‹እዚህ ምን ጎድሎህ ነው ሰማይ ሰማይ የምታየው?› ትለኛለች። ሦስት ነገር ይንገሩኝ። ሰው እውነት ማርስ ላይ ይኖራል? መመለሻ የሌለው ጉዞም ቢሆን ዕድሉን ባገኝ ልሂድ? ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?»

ሰላም ወንድሜ። መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሱ ረዘም ይላል፣ ሥራ ፈታ ሲልልህ አንብበው።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልበልህ። ሰው ማርስን ይረግጣል ብዬ አምናለሁ፣ አንተም በዕድሜህ የምታየው ይመስለኛል። መርገጥና መኖር ግን ለየቅል ናቸው። መኖር ማለት ትዳር መያዝ፣ ልጅ ወልዶ ማሳደግ፣ አርጅቶ መቀበር ነው። እስከዛሬ ከመሬት ውጭ የተወለደ አንድም ሕፃን የለም። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2000 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሰው አጥቶ አያውቅም፣ ግን እዚያ ያለው ሁሉ ተረኛ ነው፣ ተራው ሲያልቅ ቤቱ ይገባል። ደግሞ ጣቢያው ከጭንቅላታችን በላይ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ከደሴ አዲስ አበባ ማለት ነው። ማርስ በጣም ስትቀርበን እንኳ 55 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስለዚህ ልጆች የሚቦርቁበት የማርስ መንደር በእኔ ዕድሜ አይመጣም፣ በአንተም ዕድሜ መምጣቱን እጠራጠራለሁ። ይህን የምለው ሮኬቱን ንቄ አይደለም። ሮኬቱ ይደርሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሮኬቱ አርፎ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ሁለተኛው ሳምንት። ስምንተኛው ወር። ሦስተኛው ዓመት።

ይህን የምልበትን ምክንያት ከራሴ ሥራ ልጀምርልህ።

እኔ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ እየዞርኩ መሣሪያ ነው የምጠግነው። ብዙ ጊዜዬን የሚወስደው ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ነው። ከክፍሉ አየር ኦክስጅኑን ለይቶ ለበሽተኛ የሚሰጥ፣ ቁመቱ ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል፣ በእግሩ ጎማ ያለው ሳጥን። ውስጡ ሁለት ሲሊንደር አለ፣ ሁለቱም ዜኦላይት በሚባል ደቃቅ ነጭ ጠጠር የተሞሉ ናቸው፣ ፍሬው ማሽላ ቢያክል ነው። አየሩ በግፊት ሲገባ ዜኦላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዝና ኦክስጅኑን ያሳልፋል። አንዱ ሲሊንደር ሲይዝ ሌላው የያዘውን ያራግፋል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ጠጋ ብለህ ብታዳምጠው የተኛ ሰው የሚተነፍስ ነው የሚመስልህ።

አንድ ጊዜ በቆላው በኩል ካለ ጤና ጣቢያ ተደወለልኝ። ማሽኑ ይጮኻል፣ መብራቱ በርቷል፣ ልጁ ግን አልተሻለውም። ሄጄ መለኪያዬን ሰካሁበት። ከ90 በመቶ በላይ መስጠት የሚገባው ማሽን 60 እንኳ አይሞላም። ከፈትኩት። የፊት ፊልተሩ በአቧራ ተደፍኖ አሮጌ ብርድ ልብስ መስሏል። ሲሊንደሩን ፈታሁት፣ ያ ነጭ ጠጠር እርጥበት ገብቶበት ቢጫ ሆኗል፣ ከፊሉ ደቅቆ ዱቄቱ ቫልቩ ውስጥ ገብቷል። በጣቴ ሳሸው እንደ ኖራ ያዘኝ። ፊልተሩን አጠብኩት፣ ቫልቩንም አጸዳሁት። ዜኦላይቱን ግን ከየት ላምጣ? እኔ በእጄ አልሠራው፣ ገበያ ወጥቼ አልገዛው። ልጁ በአምቡላንስ ወደ ደሴ ተላከና ዳነ፣ ተመስገን። ማሽኑ ግን አዲስ ጠጠር እስኪመጣለት ሁለት ወር ተሸፍኖ ቆመ።

ይህን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። የጠፈር ጣቢያው ውስጥ ሰዎቹ የሚያስወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ የሚለቅመው መሣሪያም ዋና አካሉ ዜኦላይት ነው። ያም ጠጠር ዱቄት እየሆነ ቫልቮቹን እያስቸገረ ጠፈርተኞቹን ብዙ ሰዓት አስፈትቷል፣ አስገጥሟል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ሲል ደግሞ ራሳቸውን እንደሚያማቸው ራሳቸው ተናግረዋል። መጀመሪያ ይህን ያነበብኩ ቀን ያ ጤና ጣቢያ ነው ድቅን ያለብኝ። ያው በሽታ ነው እኮ። ልዩነቱ ከዚያ ጤና ጣቢያ ደሴ አምቡላንስ አለ፣ ከጠፈር ጣቢያውም ቢብስ በሰዓታት ውስጥ መሬት መውረድ ይቻላል። ከማርስ ግን ሁለቱም የለም።

ማርስ ላይ ኦክስጅን ተሠርቷል፣ እሱን ታውቅ ይሆናል። ፐርሲቪራንስ የምትባለው ተሽከርካሪ ሞክሲ የሚባል የመኪና ባትሪ የሚያክል መሣሪያ ይዛ ሄዳ ነበር። የማርስ አየር 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ሞክሲ እሱን በከፍተኛ ሙቀት ሰብሮ ኦክስጅኑን አወጣ። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 ድረስ 16 ጊዜ ሠርቶ በድምሩ 122 ግራም አመረተ። ዜናውን የሰማሁ ቀን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እውነቴን ነው። ግን ሒሳቡን እንይ። አንድ ሰው በቀን 840 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል። 122 ግራም የአንድ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ትንፋሽ ነው። ያ የኔ ሳጥን ጤነኛ ሲሆን ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይሰጥሃል። እርግጥ የኔው ሳጥን የሚሠራው 21 በመቶ ኦክስጅን በያዘ፣ ፈጣሪ በነፃ በሰጠን አየር ላይ ነው። እሱ ነው ልዩነቱ።

አሁን መለዋወጫን አስብ። አንተ ቻርጂንግ ፖርት ቢያልቅብህ ደሴ ትደውላለህ፣ ደሴ ካጣህ መርካቶ ትደውላለህ፣ በማግስቱ በመኪና ይላክልሃል። ወደ ማርስ ለመሄድ የሚመቸው መስኮት የሚከፈተው በየ26 ወሩ ነው፣ መንገዱ ራሱ ከ6 እስከ 9 ወር ይወስዳል። በማርስ አቧራ የተደፈነ ፊልተር ይህን ያህል አይጠብቅህም። ለዚህ ነው አንተ ኮምቦልቻ ተቀምጠህ በአጉሊ መነጽር የሞተ ቦርድ ላይ አይሲ የሚባለውን ትንሽ ቺፕ እያነሳህ፣ ከሌላ የሞተ ስልክ አውጥተህ የምትተካባት ሙያ ለእኔ ከሮኬት ተኩሱ ይልቅ ለማርስ የቀረበች የምትመስለኝ። እዚያ የሚያስፈልገው ያለውን ከሌለው ጋር አገናኝቶ የሚያስነሳ እጅ ነው።

ይህ የአየሩ ነገር ነው። ከአየሩ ይልቅ የሚከብደውን አሁን ልንገርህ።

አንዳንዱ ሰው ይህን ነገር «የጠፈር ቅኝ ግዛት» እያለ ይጽፈዋል። እኔ ቃሉን አልወደውም። ቅኝ ግዛት ባለቤት ያለውን አገር መንጠቅ ነው። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የጠፈር ስምምነትም ማንኛውም መንግሥት ጨረቃንም ሆነ ሌላ የሰማይ አካል «የእኔ ግዛት ነው» ማለት እንደማይችል ደንግጓል። ስለዚህ እኔ ሰፈራ ነው የምለው። ግን ወሎ ውስጥ ተቀምጠህ ሰፈራ የሚለውን ቃል ስታነሳ ድምፅህን ዝቅ ታደርጋለህ።

የ77ቱን አንተ አልደረስክበትም፣ እኔ ልጅ ነበርኩ። ያን ጊዜ 600 ሺህ ገደማ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተጓዘ። ትልቁ ቁጥር የእኛው የወሎ ነው። አክስቴ ፓዌ ከወረዱት አንዷ ነበረች። ደጋ ተወልዳ፣ ደጋ ያደገች፣ ወባ የሚባል በወሬ እንጂ በአካል የማታውቅ ሴት። ባሏ ሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ሌላ መንደር ወረደ፣ እስኪገናኙ አምስት ወር ፈጀባቸው። ይዛ የሄደችው አንድ ጀበና ነበር፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ሆዷ ላይ አስራው።

ስለዚያ ጊዜ ስታወራ ስለ ሙቀቱ ብዙም አትል። «ቤት ነበረ፣ እህልም ይሰፈር ነበር፣ ትራክተርም ነበረ» ትላለች። «ሰው ነው የጠፋው።» መጀመሪያ የሞተውን ጎረቤት የቀበሩት ስሙን እንኳ በደንብ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የት አገር ሰው እንደሆነ፣ ለማን መርዶ እንደሚነገር ያወቀ አልነበረም። በዚያው ሳምንት 11 አባወራ ተሰብስቦ ቅሬ አቋቋመ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው፣ ይህን የምለው ሌላው አንባቢ ግራ እንዳይገባው ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ገባ። መዋጮው አንድ ጣሳ በቆሎ ነበር። አክስቴ ጀበናዋን ያወጣችው ያን ቀን ነው። «ከዚያ ወዲያ አገር ሆነ» ትላለች።

እኔ እንግዲህ ስለ ማርስ ባነበብኩ ቁጥር ያን ቅሬ ነው የምፈልገው። ሰው ሲታመም ማን ያስታምማል? ሁለት ሰው ሲጣላ ማን ገብቶ ያስታርቃል? የሚሞት ሰው ይኖራል፣ ማን ይቀብረዋል፣ ለእናቱስ ማን ይነግራታል? ስለ ሞተር ግፊት ሺህ ገጽ ታገኛለህ፣ ስለዚህ የምታገኘው ትንሽ ነው። የተሞከሩ ጥቂት ነገሮች ግን አሉ፣ አንተም ልታውቃቸው ይገባል።

አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ባዮስፌር 2 የሚባል ከመስታወትና ከብረት የተሠራ ግዙፍ ቤት አለ። ስፋቱ ከ1 ሄክታር ትንሽ ይበልጣል። ውስጡ እርሻ፣ ደን፣ ትንሽ ባሕር ሳይቀር ነበረው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1991 ስምንት ሰዎች ገብተው በሩ ተዘጋባቸው፣ ሁለት ዓመት ኖሩበት። የራሳቸውን እህል ሊያመርቱ፣ የራሳቸውን አየር ሊተነፍሱ። በ16 ወር ውስጥ ኦክስጅኑ ከ20.9 በመቶ ወደ 14.2 በመቶ ወረደ። 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ማለት ነው፣ እኛ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ስንወጣ እንደሚያደርገን። ደረጃ መውጣት አቃታቸው፣ እንቅልፋቸው ተቆራረጠ። በመጨረሻ ከውጭ ኦክስጅን ገባላቸው። ጥፋቱ የማን ነበር መሰለህ? የአፈሩ ነው። እህሉ እንዲያምር ብለው ለም አፈር ሞልተው ነበር፣ አፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ኦክስጅኑን እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ደግሞ የቤቱ ሲሚንቶ ይመጠዋል። ፍግና ሲሚንቶ ተባብረው ሰው ሊያፍኑ ነበር። ማንም ቀድሞ አላሰበውም።

እኔን የበለጠ ያሳዘነኝ ግን ሌላው ነው። ስምንቱ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፣ አራት ለአራት። ሲገቡ ወዳጆች ነበሩ። የጠባቸው መነሻ ሥራው እንዴት ይመራ የሚል ነበር፣ ከውጭ ያሉት አለቆችም እጃቸውን አስገብተውበታል። እየቆየ ከሥራ ጉዳይ በስተቀር የማይነጋገሩ ሆኑ። ረሃቡም ነበረበት፣ ሁሉም ከስተው ነው የወጡት። እስኪ አስበው፣ አንድ ጣራ፣ አንድ ማዕድ፣ እየቀጠነ የሚሄድ አንድ አየር፣ እና ሰላምታ የለም። እኛ አገር ይህ ቢሆን የሠፈር ሽማግሌ አንድ ሳምንት አያሳድራቸውም ነበር። እዚያ ግን ስምንት ሰው ብቻ ነው ያለው፣ ሁሉም ከአንዱ ወገን ነው፣ ሽማግሌ የሚሆን ሰው አልተረፈም።

ሞስኮ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጁን 2010 እስከ ኖቬምበር 2011 ድረስ ስድስት ወንዶች ወደ ማርስ እንደሚሄዱ ሆነው 520 ቀን ተዘግተው ነበር። እነሱ ለሁለት አልተከፈሉም። ግን እየቆዩ እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ፣ ብዙ መተኛት አበዙ፣ አንደኛው እንቅልፉ ከሌሎቹ ሰዓት ተዛንፎ ሌላው ሲነቃ እሱ ይተኛል። ፀሐይ የማታወጣውና የማታገባው ሰው እንዲህ ይሆናል። በቅርቡም ናሳ ሂዩስተን ላይ አራት ሰዎችን እንደ ማርስ በተሠራ ቤት ውስጥ 378 ቀን አኑሮ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2024 በሰላም አስወጥቷል። ከቤተሰብ ጋር የሚያደርጉት ንግግር ሁሉ እንደ ማርስ እየዘገየ ነበር የሚደርሳቸው።

እሱን ነገር አንተ የስልክ ሰው ስለሆንክ ዘርዘር ላድርግልህ። ድምፅህን የሚሸከመው የሬዲዮ ሞገድ ከመሬት ማርስ ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። በብርሃን ፍጥነት ነው የሚሄደው፣ ከዚያ ወዲያ የሚያፈጥነው አንቴና የለም። ስለዚህ ከማርስ ደውሎ ማውራት የሚባል ነገር የለም። እናትህ «ልጄ፣ እንዴት አደርክ?» ብላ ትልካለች፣ 22 ደቂቃ ቆይቶ ይደርስሃል፣ «ደህና ነኝ እማ» ትላለህ፣ ሌላ 22 ደቂቃ። ስታለቅስ ደርሰህ «አይዞሽ» ልትላት አትችልም፣ ስትሰማው አልቅሳ ጨርሳለች። በየሁለት ዓመቱ ደግሞ ፀሐይ መሐል ትገባና ሁለት ሳምንት ያህል መገናኛው ይቋረጣል። ሰው ናፍቆትን ይችላል፣ እኛ ስንቱን ዓረብ አገር ልከን ችለን የለም እንዴ፣ ግን የምንችለው ማታ ማታ እየደወልን ነው።

ቡናም አለ። እናትህ ብትጠይቅህ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2015 ሳማንታ ክሪስቶፎሬቲ የምትባል ጣሊያናዊት ጠፈርተኛ ጣቢያው ላይ በማሽን የፈላ ቡና ጠጥታለች፣ የመጀመሪያዋ ናት። ክብደት በሌለበት ቡናው ስለማይፈስ ከአፍ ጋር የሚገጥም ልዩ ስኒ ተሠርቶለታል። ማርስ ላይ ስበት ስላለ ጀበናው ራሱ ይሠራል፣ ቀስ ብሎ ይቀዳል እንጂ። ከሰልና ዕጣን ግን እርሳው። ከሰሉ ኦክስጅንህን ይበላል፣ ጭሱ ደግሞ የጭስ ጠቋሚውን ያስጮኻል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ያለ ጭስ ማለት ነው። ክብደት በሌለበት ፈሳሹ ሁሉ ወደ ራስ ስለሚወጣ አፍንጫ ይደፈናል፣ ምግብ ይመራል ሳይሆን ጣዕም ያጣል፣ ለዚህም ጠፈርተኞቹ የሚያቃጥል ነገር ይወዳሉ። አዋዜ ቢደርሳቸው ምን ይሉ ይሆን ብዬ ሁሌ አስባለሁ። ዳቦም አይወጣም፣ ፍርፋሪው ተንሳፍፎ መሣሪያ ውስጥ ይገባል፣ በምትኩ የሜክሲኮ ቂጣ ነው የሚበሉት። እንጀራ ለዚህ የተፈጠረ ነው፣ አይፈረፈርም፣ ማንኪያም አያስፈልገውም።

እነዚህ ትንንሽ ነገሮች አይምሰሉህ። አክስቴ ሆዷ ላይ አስራ የሄደችው ጀበናውን ነው።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄህ። ልሂድ ወይ?

ደርሶ መልስ ከሆነ፣ በደንብ ሠልጥነህ ከሆነ፣ ሂድ። እኔም እጸልይልሃለሁ፣ እናትህንም አብሬ አጽናናለሁ። መመለሻ የሌለው ከሆነ ግን አትሂድ እልሃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ተሞክሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. 2012 ላይ ማርስ ዋን የሚባል የኔዘርላንድስ ድርጅት ሰዎችን ላይመለሱ እልካለሁ ብሎ ተነሳ፣ ከመላው ዓለም ብዙ ሰው ተመዘገበ፣ 2015 ላይ 100 ዕጩ ለየ። ጃንዋሪ 2019 ድርጅቱ ከሰረ፣ አንድም ሰው አልሄደም። በተመዘገቡት ሰዎች ላይ አልፈርድም፣ እንዳንተ ሌሊት ተነስተው ሰማይ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ግን ጥያቄዎቼን ከዚያ ጋር አስተያያቸው። ሰፋሪው ሐሳቡን ቢለውጥስ? ቢታመምስ? እ.ኤ.አ. 2024 ላይ ሱኒ ዊሊያምስና ቡች ዊልሞር የሚባሉ ጠፈርተኞች ለ8 ቀን ገደማ ብለው ጣቢያው ወጥተው፣ የሄዱበት መንኮራኩር ችግር ስላሳየ 286 ቀን ቆይተዋል። እነሱን የሚያመጣ ሌላ መንኮራኩር ነበረ። መመለሻ መኖሩ ነው ሰው ተረጋግቶ እንዲሠራ የሚያደርገው።

ሰውነትም አለ። ክብደት በሌለበት ጠፈርተኛ በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን የዳሌና የእግር አጥንቱን ያጣል፣ ለዚህ ነው በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ስፖርት የሚሠሩት። የማርስ ስበት የመሬት 38 በመቶ ነው፣ 60 ኪሎ ሰው እዚያ 23 ኪሎ ይመዝናል። በዚያ ስበት አጥንቱ የጠና ሕፃን እስካሁን የለም። ጨረሩም ስለሚበዛ ቤቱ አፈር መልበስ ወይ ዓለት ውስጥ መግባት አለበት። እኔ ይህን ሳነብ ላሊበላ ትዝ ይለኛል፣ ዓለት ፈልፍሎ ቤት ማውጣት ለእኛ አዲስ አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄህ ልቤን ነክቶታል። ጊዜህን እያባከንክ አይደለም።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ነበርኩ። ፀሐይ ቀለበት የሆነችበት ቀን ነው። ብርሃኑ ደበዘዘ፣ ብርድ ብርድ አለን፣ ከጎኔ የነበሩ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ተከናነቡ። መነጽሬን ሰጠኋቸው። ቀና ብለው አዩና ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ይኼን ቀድሞ ሰዓቱን የቆጠረው ማነው?» አሉኝ። ሰማዩን ተረት ብለው አላለፉትም፣ የቆጣሪውን ሙያ ነው የጠየቁት። ያንተም ሌሊት መነሳት ከዚሁ ነው የሚመጣው።

«ሕዝቡ ሳይጠግብ ጠፈር ምን ያደርጋል» የሚልህ ቢኖር በቁጣ አትመልስ፣ እኛ አገር ይህ ጥያቄ አጥንት ያለው ነው። የ66ቱን እና የ77ቱን ያየ ሕዝብ መጠየቁ ተገቢ ነው። እንዲህ በለው፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን 70 ኪሎ ገደማ ነበረች፣ ሥራዋም እርሻን፣ ደንንና ውኃን ከላይ ማየት ነበር። ድርቅን ከሰማይ ቀድሞ ማየት ለወሎ ቅንጦት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናትህ ንገርልኝ። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችበት ሐዳር ያኔ በወሎ ሥር ነበር። በስሟ የተሰየመች መንኮራኩር፣ ሉሲ የምትባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ተተኮሰች። ኖቬምበር 1 ቀን 2023 በአንዲት ትንሽ የሰማይ አለት አጠገብ አለፈች፣ የአለቷም ስም ድንቅነሽ ነው። ከቅርብ ስትታይ ለካ ብቻዋን አይደለችም፣ ዙሪያዋን የምትዞር ትንሽ ጨረቃ አለቻት። ጨረቃዋን «ሰላም» ብለው ሰየሟት፣ ዲኪካ ላይ በተገኘችው ሕፃን ስም። አስባቸው እስኪ፣ ከቤታችን ጓሮ የወጡ ሁለት ስሞች እዚያ ጨለማ ውስጥ አብረው ይዞራሉ።

እና ምን ልሥራ ካልከኝ ይኸው። ሮኬቱን ማየትህን አትተው። ግን በሳምንት አንድ ቀን ለእጅህ ስጠው። ቦርድ ማንበቡን አጠንክር፣ ኮምፕሬሰርና ቫልቭ እንዴት እንደሚሠራ ተማር፣ ከተመቸህ የሕክምና መሣሪያ ጥገና የማታ ትምህርት ጀምር። ቅሬም ግባ። በስምህ፣ እንደ አባወራ፣ ድንኳን ተሸክመህ፣ ለቅሶ ቤት አድረህ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌዎቹ ምን ብለው እንደሚጀምሩ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ ጠጋ ብለህ እይ። ሂዩስተን ላይ ሰው ሲመርጡ ከእውቀቱ ጋር ከሰው ጋር መኖር መቻሉንም ይፈትኑታል።

ከዚያ ደሴ ስትመጣ ደውልልኝ። ከአገልግሎት የወጣ፣ ለመለማመጃ የተሰጠኝ ኮንሰንትሬተር ቤቴ አለ። አንድ ቅዳሜ አብረን እንፈታዋለን። አንተ ወረቀት ይዘህ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ትጽፋለህ፣ በሁለት ረድፍ። በአንዱ ኮምቦልቻ ውስጥ ልትሠራው ወይ ከሌላ ዕቃ ልታወጣው የምትችለውን፣ በሌላው ከውጭ ካልመጣ የማይሆነውን። ሁለተኛው ረድፍ ስንት እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ፣ አልነግርህም። አንተ ቆጥረህ ንገረኝ።